የሔለን ትምህርት ቤት ሰባት ደረሰኞች

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰላም ልጇን ዲቦራን ይዛ ከግሪስሃይም ሰፈር መጣችና ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ አንድ ነጭ ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ሰላም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ ልጇን ለብቻዋ የምታሳድግ ወጣት ናት። እዚህ ፍራንክፈርት ሮደልሃይምና አካባቢው ያለው ያገሬ ሰው እኔን ብሪፍ አንባቢ፣ ማለት ደብዳቤ አንባቢ፣ አድርጎ ከሾመኝ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ ሹመቱ ደሞዝ የለውም። ከአምት፣ ከመንግሥት ቢሮ የመጣው፣ ከቤት አከራይ የመጣው፣ ከጤና መድን የመጣው ሁሉ «እትዬ ትርንጎ ይዩት» ተብሎ ወደኔ ነው። ብዙ ጊዜ ፖስታውን አይቼ ብቻ ክፉና ደጉን እለያለሁ። የሰላምን ፖስታ ግን ገና ሳልከፍተው ሳቄ መጣ፤ ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ መስቀልና የትምህርት ቤቱን ስም አየኋ። እሷ ፊቷ አመድ መስሎ ተቀምጣለች፣ እኔ እስቃለሁ፤ ደግ ሴት አልመሰልኳትም።

ደብዳቤው አጭር ነበር። ዲቦራ አምስተኛ ክፍል እንድትገባ መነኮሳቱ ከመሠረቱት የካቶሊክ ትምህርት ቤት ተቀብለዋታል። የአስተማሪዎቹን ደሞዝ አብዛኛውን መንግሥት ይከፍላል፤ ለሙዚቃው፣ ለሽርሽሩ፣ ለሚያፈሰው ጣሪያ ግን ወላጆች እንዳቅማቸው በየወሩ በፈቃዳቸው ቢያዋጡ ደስ ይለናል ይላል። ከታች ባዶ መስመር አለ፣ የሚሰጡትን የሚጽፉበት። ከመስመሩ አጠገብ በትንንሽ ፊደል «አርባ አምስት ዩሮ ይመከራል» ተብሏል። እንደዚህ ናቸው እነሱ፤ ሲለምኑም በትንሽ ፊደል ነው። ሰላም ጀርመንኛዋ ከኔ አያንስም፣ ሁሉን አንብባዋለች። «ቃሉማ ገብቶኛል እትዬ ትርንጎ» አለችኝ፤ «ያልገባኝ ካልከፈልኩ ልጄን ምን እንደሚያደርጓት ነው።» ለዚሁ ብላ ቅዳሜና እሑድ ኤርፖርት ጽዳት ልትገባ ተነጋግራለች። ለአለቃው እስከ ማታ እሺ ወይም እምቢ ማለት አለባት። ዲቦራስ ስላት፣ በሩን ቆልፋ ትቀመጣለች አለችኝ። እምቢ ካለች ደግሞ ቦታውን ለሌላ ልጅ ልትለቅ አስባለች። ልጅቱ ገና አሥር ዓመቷ ነው።

«ሐጎስ» ብዬ ወደ ወጥ ቤት ተጣራሁ፤ «ና እስቲ፣ ያንተ ብሪፍ መጥቶልሃል።» ሐጎስ ባሌ ነው። አሥመራ ተወልዶ፣ በአማርኛ ተምሮ፣ አዲስ አበባ እኔን አግብቶ፣ ፍራንክፈርት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሕምባሻ ጋጋሪ ሆኗል፤ ዲቦራም ከእሱ ጋር ሊጡ ላይ ጌጥ እየቆረጠች ነበር። በዱቄት እጁ ደብዳቤውን ይዞ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እየፈለገ አነበበ። «ፍራይቪሊግ»፣ በፈቃድ የምትለዋ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሰላም ተቀየመች፣ ታየኝ። እውነቷን ነው። ሁለት ሽማግሌዎች በጭንቀቷ ሲስቁ ምን ትበል? ስለዚህ ካፖርትሽን አውልቂ፣ ሻይ ጠጪ፣ እኛም እንደ አንቺ ነበርን አልኳትና ነገሩን ከሥሩ ጀመርኩላት።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በዕቃ ዋጋ ነው። አንድ ትልቅ ዳቦ በሦስት ማርክ የሚገዛበት፣ የትራም ትኬት በሳንቲም የሚቆረጥበት፣ ሴት ሁሉ ትከሻው ስፖንጅ የገባበት ኮት የምትለብስበት ጊዜ ነበር። እኔም አንድ ነበረኝ፣ አረንጓዴ፤ ከለበስኩት በር ስገባ በጎን ነበር የምገባው። ቤታችን ግሪስሃይም ነው፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ፣ አሁን ሰላም ከምትኖርበት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ። አንድ ክፍል ከነወጥ ቤቱ። ታች ባለው ኪዮስክ ሐጎስ አሥመራ ለወንድሙ የሚልከውን የአየር ደብዳቤ ወረቀት ይገዛል፣ እኔ ለልጄ ለሔለን ቀይ ማስቲካ። ካሴት ማጫወቻችን አንድ ጆሮው አይሰማም ነበር፣ የግራው ድምፅ ማጉያ። ዘፋኟ ብቻዋን ትዘፍናለች፣ ክራሩ የለም። ክራሩን ሐጎስ በአፉ ይሞላዋል። ቅዳሜ ጠዋት መስኮት ከፍተን፣ ልብስ አጥበን፣ እሱ ክራር ሆኖ፣ ሔለን አልጋ ላይ ስትዘል አያታለሁ እስከዛሬ። ድህነት ነበር ይሉኛል ልጆች። ይሁን፤ እኔ ግን እንደዚያ የሳቅኩበት ዘመን የለም።

ሔለን አንድ ልጃችን ናት። አራተኛ ክፍል ስትጨርስ አስተማሪዋ ጠርታ፣ ይቺ ልጅ ጎበዝ ናት፣ መነኮሳቱ ጋ አስመዝግቧት አለችን። እኔ መጀመሪያ ካቶሊክ ያደርጉብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው፣ ሂሳብ ሃይማኖት የለውም ልጄ ብለው አሰናበቱኝ። ተቀበሏት። ደስታችን ልክ አልነበረውም። በሳምንቱ ግን ይኸው ዛሬ ሰላም እጅ ላይ ያለው ደብዳቤ መጣ፤ አርባ ማርክ በወር፣ በፈቃዳችሁ። እኔና ሐጎስ ደብዳቤውን አንብበን ተያየን። በፈቃዳችሁ የምትለዋን ቃል ያስተማረን ቀበሌ ነበር። አዲስ አበባ ሳለን ስብሰባ ተጠርተን የአንድ ወር ደሞዛችንን በፈቃደኝነት ለመስጠት በሙሉ ድምፅ እንስማማለን፤ ከዚያ እናጨበጭባለን። ማን እንዳላጨበጨበ የሚያይ ሰው ደግሞ ከኋላ ይቆማል። በመጨረሻ ደረሰኝ ይሰጣል። ያ ደረሰኝ ከመታወቂያ ይበልጥ ነበር። ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ለመውሰድ ደረሰኝ፣ መሸኛ ለማውጣት ደረሰኝ፣ ልጅ ለማስመዝገብ ደረሰኝ። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን የመዋጮ ደረሰኟ ልብስ ውስጥ ታጥቦባት ወር ሙሉ ሻይዋን በጨው ጠጥታለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ እኛ ከዚያ የመጣን ሰዎች ፍራይቪሊግ የሚል ወረቀት ስናይ ምን ልናደርግ ኖሯል?

ከፈልናታ። ሐጎስ መጋዘን ውስጥ ጭነት ያወርድ ነበር። ጋሉስ መንገድ ላይ በአንድ ሱቅ መስኮት ያያት ካፖርት ነበረች፣ ቡናማ፣ የሱፍ፣ የፀጉር አንገት ያላት፣ ዘጠና ማርክ። በየቀኑ ከትራም ወርዶ መኖሯን ያያታል። ለእሷ ያጠራቀማትን ብር ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወሮች ሰጠና ያን ክረምት በሁለት ሹራብ መካከል ጋዜጣ እየጠቀጠቀ ሥራ ሄደ። ሲራመድ ይንኮሻኮሻል። ሔለን «ባባ ዜና ይናገራል» ትለው ነበር። ገንዘቡን ራሱ ይዞ ይሄዳል፣ ደረሰኝ ይጠይቃል። ጸሐፊዋ ደረሰኝ የሚጠይቅ ወላጅ አጋጥሟት ስለማያውቅ ከሱቅ ለእሱ ሲባል ትንሽ የደረሰኝ ጥራዝ ገዛች። መጀመሪያውን ደረሰኝ በሔለን ኮት የውስጥ ኪስ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩት። በር ላይ ከጠየቁሽ አሳዪ አልኳት። ማንም አልጠየቃትም። ጥበቃው ዛሬ ቀርቶ ይሆናል ብዬ በማግስቱም አያያዝኩላት። ሔለን ዛሬ ማይንዝ ፋርማሲ ከፍታለች፤ ያቺ መርፌ ቁልፍ የወጋቻትን ቦታ አሁንም እያሳየች ትከሰኛለች።

ትልቁ ጉድ የመጣው በወላጆች ስብሰባ ላይ ነው። ኤልተርንአቤንት ሲሉ ሐጎስ ስብሰባ መሆኑ ገባው፣ ስብሰባ ደግሞ ምን እንደሆነ እናውቃለን። እኔ አረንጓዴውን ኮቴን ለበስኩ፣ እሱ ከጎረቤት ከረባት ተዋሰ። እነዚያ የልጆች ወንበሮች ላይ ጉልበታችን ጆሯችን ደርሶ ተቀመጥን። የክፍሏ ኃላፊ ሽቬስተር ማርታ ነበረች፣ አጭር፣ ወፍራም፣ ጫማዋ የወንድ የሚመስል መነኩሲት። ስለ ሂሳብ ተናገረች፣ ስለ ዋና ትምህርት ተናገረች፣ መጨረሻ ላይ ጥያቄ ያለው አለ ወይ አለች። ሐጎስ ተነሣ። ከደረት ኪሱ ሰባት ደረሰኞች አውጥቶ ወደ ላይ ከፍ አደረገና እሱ የሔለን አባት የሰባቱን ወር መዋጮ ያለ አንዲት ጉድለት መክፈሉን፣ ወደፊትም እንደሚከፍል ቤት ሲለማመደው በሰነበተ ጀርመንኛ አስታወቀ። ሲጨርስ አልተቀመጠም፣ ቆሞ ጠበቀ። ምን እንደሚጠብቅ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ጀርመኖቹ በገንዘብ ጉዳይ እንዲህ በአደባባይ የሚናገር ሰው አይተው ስለማያውቁ ሁሉም ጠረጴዛ ጠረጴዛውን ያያል። ባሌ እዚያ ቆሞ ሲቀር አላስችል አለኝና ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ሽቬስተር ማርታ ስብሰባው ሲያልቅ እናንተ ቆዩ አለችን። አልቆልናል አልኩ በልቤ፤ ወይ አነሰ ሊሉን ነው፣ ወይ የተዋስነው ከረባት ተነቅቶብናል። እሷ ግን ፊት ለፊታችን እንደኛው ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የሐጎስን ሹራብ አየች፤ ሲቀመጥ ጋዜጣው ተንኮሻኩሾ ነበር። ምን ሥራ እንደሚሠራ፣ ስንት ሰው እንደሆንን ጠየቀችን። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለልጅ እንደምታስረዳ ሆና፣ ይህ ገንዘብ ግዴታ እንዳልሆነ፣ ብዙ ወላጆች ምንም እንደማይሰጡ፣ ማን እንደሰጠና ማን እንዳልሰጠ አስተማሪዎቹ ጨርሶ እንደማያውቁ ነገረችን። እስከዚያ ምሽት ድረስ እሷም አታውቅም ነበር፣ እሱ ተነሥቶ እስኪናገር። ሐጎስ እየደጋገመ ራሱን ነቀነቀ፣ አመሰገናት፣ እጅ ነሣ። ወጥተን መንገድ ስንጀምር አንዲት ቃሏን እንኳ አላመነም። «ይሄ የሚባል ነገር ነው ትርንጎ» አለኝ፤ «እኛም አገር እንዲህ ነበር የሚሉት። መነኩሲቷ ጥሩ ሰው ናት። ግን ከበላይ ያለው ሌላ ነው።»

ሁለት ሳምንት አሰበበት። ከዚያ አንድ እሑድ፣ ምሳ እየበላን፣ የዚህን ወር አልከፍልም አለ። እሞክራቸዋለሁ። እኔ ጉርሻዬን መልሼ ትሪው ላይ አኖርኩት። በልጄ ትምህርት ነው የምትሞክረው? ብርድህን ቻልከው፣ ይሄንን ምን አቃተህ? አልኩት። አኮረፍኩት። ሐጎስ ግን ግትር ነው፤ መነኩሲቷ ያለችው እውነት ከሆነ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ አለ። የወሩ መክፈያ ቀን አለፈ። በማግስቱ ከመጋዘኑ ኡርላውብ፣ የዕረፍት ፈቃድ ወሰደ፣ በሕይወቱ የመጀመሪያውን፤ ሔለንን በሩ ድረስ ሸኘና ከትምህርት ቤቱ ትይዩ ባለው ዳቦ ቤት መስኮት ሥር ቆመ። እኔ ቤት ቀረሁ። የሐጎስ መሥሪያ ቤት ይደውል ይሆናል፣ ትምህርት ቤቱ ይደውል ይሆናል እያልኩ፣ ስልኩን እያየሁ አንዱን ድስት አራት ጊዜ አጠብኩት። ቢያባርሯት የት እንደማስገባት አላውቅም። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ የወደደችው ክፍል ነው።

ያየውን እሱ እንደነገረኝ ልንገራችሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደወል ተደወለ። ሐጎስ አንዲት ብሮትሽን፣ መዳፍ የምታህል ዳቦ ገዝቶ በሰዓት አንድ ጊዜ ይነክሳታል። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ከፖሊስ ነህ እንዴ አለችው። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አባት ነኝ አላት፤ እሷም ቡና ሰጠችው፣ ዋጋውንም አልተቀበለችም። በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ወጡ። ሔለንን ፈለጋት። መጀመሪያ አጣት። ከዚያ ከዛፉ ሥር አያት፣ ሁለት ቀያይ ጉንጭ ያላቸው ልጆች ገመድ ያዞሩላታል፣ እሷ ትዘላለች፣ ሹሩባዋ ከኋላ ይዘላል። ሽቬስተር ማርታ በአጠገቧ አለፈች። አሁን ነው አለ ሐጎስ። መነኩሲቷ ቆመች፣ ጎንበስ አለች፣ የሔለንን የተፈታ የጫማ ማሰሪያ ጠቆመቻትና ሄደች። ሌላ ነገር የለም። ደወል ተደወለ፣ ልጄ ገባች፣ በሩ ተዘጋ፤ እዚያው ውስጥ ናት።

እስከ ትምህርት መውጫ ድረስ ቆሞ ጠበቃትና ይዟት መጣ። በሩን ስከፍትለት ምን ሆነች አልኩት። «ገመድ ስትዘል ነበር» አለኝ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ሳቀ፣ አለቀሰ፣ እንደገና ሳቀ። ሔለን ምን ሆኖ ነው ብላ በጀርመንኛ ትጠይቀኛለች፤ እኔም አብሬ እያለቀስኩ ምንም አልሆነም እላታለሁ። በዚያ ሳምንት ጋሉስ መንገድ ሄደን ቡናማዋን ካፖርት ጠየቅን። ክረምቱ እያለቀ ስለነበር በስድሳ ሰጡን። መጋቢት ነው፣ ፀሐይ ወጥቷል፣ ባሌ የፀጉር አንገት ያላት ካፖርት እስከ ላይ ቆልፎ በማይን ወንዝ ዳር እያላበው ይንሸራሸራል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ልብስ ለብሷል፣ እንደዚያ ያማረበት ግን የለም።

እዚህ ጋ ስደርስ ሰላም ሻይዋን ጨርሳ፣ ካፖርቷንም አውልቃ ነበር። ሐጎስ ወደ መኝታ ቤት ሄዶ ደረሰኞቹን የሚያኖርባትን የብስኩት ቆርቆሮ ይዞ መጣ። እኔ ልጥላት ስል እሱ ሲያነሣት አርጅታለች። ከፍቶ ደረሰኞቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረላት። ዲቦራ በዱቄት ጣቷ ቆጠረቻቸው፣ በጀርመንኛ፣ ዚበን፣ ሰባት አለች። ሰላም የመጨረሻውን አነሣች። ሔለን እዚያ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት መማሯን ነግሬያታለሁ።

«ከዚህ በኋላ መክፈል አቆማችሁ ማለት ነው ጋሼ ሐጎስ?»

«መክፈልማ አቆምን» አላት። «ከዚህ በኋላ መስጠት ጀመርን።»

እውነቱን ነው። ካፖርቷን ከገዛን ከሁለት ወር በኋላ ማንም ሳይጠራው፣ ደብዳቤም ሳይመጣ፣ አምስት ማርክ ይዞ ሽቬስተር ማርታ ጋ ሄደ። ያን ቀን እኔም አብሬው ነበርኩ። ጸሐፊዋ ታውቀዋለች፣ ወዲያው ለእሱ የገዛችውን የደረሰኝ ጥራዝ ከመሳቢያ አወጣች። ሐጎስ እጁን ጥራዙ ላይ አሳረፈባትና፣ ደረሰኝ አልፈልግም፣ ይሄን ያዘዘኝ ሰው የለም አላት። ሽቬስተር ማርታ ከአርባው ማርክ ይልቅ በዚያች በአምስቷ ነው ደስ ያላት፤ ሁለት እጁን ይዛ ረጅም ጊዜ ነቀነቀችው። ሐጎስ እንደዚያ ቀጥ ብሎ ሲራመድ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመቱ ነበር፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይቆጣጠረውና ሳይፈራ አንድ ነገር መስጠቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ሲኖረን አሥር፣ ሳይኖረን ምንም። አንድ ዓመት ገንዘብ ጠፍቶ ለትምህርት ቤቱ በዓል አምስት ሕምባሻ ጋገረላቸው፣ የመጀመሪያዎቹን፤ ሁለቱ አረዋል፣ ጀርመኖቹ ግን ያረረውንም በሉት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። እኛ ሎሚውን ለብቻችን ልንሸከም ነበር የተነሣነው።

ሰላም ደረሰኙን ደጋግማ አገላበጠች። እሷ ቀበሌ አታውቅም፣ የኛን ዘመን በወሬ ነው የሰማችው። ግን እዚህ አገር ለመድረስ ስንት በር ላይ ስንት ወረቀት አሳይታለች። ለእሷም ነጻ የሚባል ነገር ኋላ ላይ ዋጋው የሚመጣ ነው። «አሁን እኔ እዚህ ላይ ምን ልጻፍ?» አለች፣ ባዶውን መስመር እያሳየችን። ሐጎስ እስክሪብቶውን አቀበላትና ዜሮ ጻፊ አላት። «ለእኔ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል፣ አንቺ በአንድ ሻይ ጨርሰሽዋል» አላት። ዜሮዋን ጻፈችና ፈረመች። ክብ፣ ትልቅ ዜሮ ናት፣ በደንብ የተዘጋች። የሚያስፈራሽ ነገር ካለ ዳቦ ቤቱ ዛሬም አለ፣ አብሬሽ እቆማለሁ አልኳት።

ከዚያ ስልኳን አውጥታ መስኮቱ ጋ ቆመች። ለኤርፖርቱ አለቃ በሚገርም ጨዋ ጀርመንኛ፣ ስላሰበላት እንደምታመሰግን፣ ግን ቅዳሜና እሑድ መሥራት እንደማትችል ነገረችው። ዲቦራ ሕምባሻው ላይ የምትቆርጠውን ጌጥ ትታ ቀና አለች። እናቷ ስልኩን እስክትዘጋ ጠበቀች።

«ማማ፣ ዛምስታግ ቢስት ዱ ዳ?»

ሰላም ቅዳሜ ቤት ትኖሪያለሽ ወይ ብላ የጠየቀቻትን ልጇን አቀፈቻት፣ ዱቄቱ ጥቁር ሹራቧን ነጭ አለበሰው። «ቅዳሜም አለሁ» አለቻት፤ «እሑድም አለሁ።» ሐጎስ ለራሱ ክራሩን በአፉ እየመታ ሕምባሻውን ወደ ምድጃው ከተተ።